ከሕጉ በፊት አያቶች ነበሩ

ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ገጽ ያጣችሁኝ ታምሜ አይደለም። ልጄ ወልዳ እሷን ላርስ ባሕር ማዶ ተሻግሬ ነው።

ልጄ እንደ እናቷ ነርስ ናት። በምዕራብ አየርላንድ፣ ሮስኮመን በሚባል አውራጃ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ሁለተኛ ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት። የአጥሚቱን እህል አስፈጭቼ፣ ሽሮና በርበሬዬን ቋጥሬ ሄድኩላት። ጠዋት ጠዋት ጨቅላዋን አጥባለሁ፣ ገንፎ አገነፋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰባት ዓመት የሞላውን ታላቅ ወንድሟን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ። አዲስ ሕፃን ሲመጣ ታላቁ ልጅ እንደሚከፋው ታውቃላችሁ። እናም የእኔ ዋና ሥራ እሱን ማናፈስ ሆነ።

መንገዳችን በከብት ማሰማሪያ ሜዳ ዳር ያልፋል። ሜዳው እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ ነው። ከመካከሉ ግን አንድ ያልተነካ ቦታ አለ፤ ክብ ሆኖ የተቆለለ አፈር፣ ዙሪያውን እሾሃማ ዛፍ የበቀለበት፣ ከሩቅ ሲያዩት የቤተ ክርስቲያን ደን የሚመስል። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ላይ ስል የልጅ ልጄ ቀሚሴን ያዘኝ።

«እማማ፣ እዚያ አይገባም!»

«ማን አለህ?»

«ሁሉም ሰው።»

«ለምን አይገባም?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «እንጃ። አይገባም ነው የሚሉት።»

ይህች መልስ ሆዴን ባር ባር አሰኘችኝ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያ ክብ ቦታ ምን እንደሆነ ላጫውታችሁ። የአያትና የልጅ ልጅ ነገር ነውና ለእኛም ይሆናል። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ምሽግ የሚሉት የገበሬ ጊቢ

አየርላንዶች ይህን ዓይነቱን ቦታ «ራህ» ወይም «ሊስ» ይሉታል። ከድንጋይ የተካበ ሲሆን ደግሞ «ካሸል» ወይም «ካሄር» ነው። በእንግሊዝኛ «ክብ ምሽግ» ስለሚባል የወታደር ነገር ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አብዛኞቹ ከ1,100 እስከ 1,400 ዓመት በፊት የተሠሩ የገበሬ ጊቢዎች ናቸው። አባትና እናት፣ ልጆች፣ ምናልባትም አያቶች አብረው የኖሩባቸው ቤቶች ነበሩባቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክብ መስመር ይሰመራል፤ በመስመሩ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ውስጥ በኩል ተቆልሎ ግድግዳ ይሆናል። በአንድ በኩል ብቻ መግቢያ ይተዋል። የብዙዎቹ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር አካባቢ ነው፤ ትንንሾቹ 20፣ ትልልቆቹ 60 ሜትር ይደርሳሉ። አብዛኛው ቤተሰብ አንድ ዙር ግድግዳ ብቻ ነበረው። ሁለትና ሦስት ዙር ያለው የባለ ማዕረግ ሰው ነው።

ያን ጊዜ ሀብት የሚቆጠረው በላም ነበር። በ8ኛው መቶ ዓመት የተጻፈና ክሪህ ጋብላህ የሚባል የሕግ መጽሐፍ አላቸው። በሰው ደረጃ ልክ ስንት ላም ሊኖረው፣ ቤቱ ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚገባ ይዘረዝራል። የንጉሡ ጊቢ ወርዱ ስንት ጫማ እንደሚሆን እንኳ ተጽፏል። ያ ሁሉ አጥር ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ አንዱ ምክንያት የከብት ዘረፋ ነው። አንዳንዱ ጊቢ ሥር በድንጋይ የተሠራ ጠባብ የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ። እህልና ወተት በቅዝቃዜ ይቀመጥበታል፤ ዘራፊ ሲመጣ ደግሞ ሴቱና ልጁ ይደበቅበታል።

ኑሯቸውን በደንብ ያሳየው በሰሜን በኩል፣ በአንትሪም አውራጃ፣ ዲር ፓርክ ፋርምስ በሚባል ቦታ በ1980ዎቹ የተደረገው ቁፋሮ ነው። መሬቱ ውኃ ያዘለ ስለነበር እንጨቱ ሳይበሰብስ ቆየ። የቤቶቹ ግድግዳ እንደ ቅርጫት ከቀጫጭን እንጨት የተጎነጎነ ነበር፤ ያውም ድርብ፤ በሁለቱ መካከል ብርድ እንዲከላከል ሣርና ገለባ ተጠቅጥቆበታል። የአንደኛው ቤት የበር መቃን የተቆረጠበት ዓመት በእንጨቱ ዕድሜ ቀለበት ሲቆጠር 648 ሆኖ ተገኘ። በግድግዳው ጥግ የተነጠፈው መኝታ፣ የቆዳ ጫማ፣ ሌላው ቀርቶ የሰው ቁንጫና ቅማል ሳይቀር ተገኝቷል። እኔ በጤና ጣቢያ ስንት ቅማል የለቀምኩ ሴት ይህን ሳነብ ሳቅሁ። በ648 አንዲት እናት ከዚያ በር ላይ ተቀምጣ የልጇን ራስ ስትፈልይ ታየችኝ። ምሽግ መሆኑ ቀረና ቤት ሆነልኝ።

እንዲህ ያለው ጊቢ በአየርላንድ ምድር 45 ሺህ ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። አገሪቱ ከኦሮሚያ ክልል ሲሶ እንኳ የማትሞላ ናት። የከተሞቻቸው ስም ሳይቀር ከዚህ የመጣ ነው። በደብሊን ራዝማይንስና ራዝፋርናም የሚባሉ ሰፈሮች አሉ፤ «ራዝ» ያው የጊቢው ስም ነው። ሊዝሞር ማለትም «ትልቁ ጊቢ» ማለት ነው።

ስማቸው የማይጠራ ጎረቤቶች

አሁን ጥያቄው ይህ ነው። ከአፈር የተሠራ ነገር፣ ያውም በእርሻ መሬት መካከል፣ ሺህ ዓመት እንዴት ቆየ? ገበሬ እኮ አንዲት ክንድ መሬት አያባክንም።

መልሱን የነገሩኝ የሜዳው ባለቤት ናቸው። ሰማንያቸውን ያለፉ ሴት ናቸው፤ ልጄ ምሽት ምሽት ደም ግፊታቸውን ትለካላቸዋለች። ጨቅላዋን ሊጠይቁ መጡና ሻይ እየጠጣን የልጅ ልጄን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ በዚህ መሬት ላይ ሃምሳ ዓመት ሠርቷል» አሉኝ። «ከዚያ ክብ ውስጥ ግን አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ አያውቅም። የእሱም አባት እንዲሁ።»

ያገሩ ሰው ጊቢዎቹን ማን እንደሠራቸው ከረሳ በኋላ፣ ውስጣቸው የሚኖሩ ሌሎች ፍጡራን እንዳሉ ማመን ጀመረ። ስማቸውን ደፍሮ አይጠራም፤ «ደጋጎቹ ሰዎች» እያለ ያልፋል። እኛስ ስንቱን «እነሱ» እያልን አድበስብሰን የለ! ከዚያ ቦታ ዛፍ የቆረጠ፣ አፈሩን የቆፈረ፣ ከብቱ ይሞታል፣ እጁ ይሰላል፣ ቤቱ ይፈርሳል ይባላል። በተለይ ሃውቶርን የሚሉት ነጭ አበባ ያለው እሾሃም ዛፍ አይነካም። በአገራችንም አድባር የሚባለውን ዛፍ ማንም መጥረቢያ እንደማያሳርፍበት ማለት ነው።

ይህ እምነት ዘመናችን ድረስ ዘልቋል። በ1999 በክሌር አውራጃ ሰፊ መንገድ ሲሠራ አንድ የሃውቶርን ቁጥቋጦ ሊነቀል ነበር። ኤዲ ሌኒሃን የሚባሉ ታዋቂ ተረት ነጋሪ አቤት ብለው ቁጥቋጦው ሳይነቀል ቀረ። መሐንዲሶቹ ያምኑ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ አገር የአያቶቹን ወሬ ሰምቶ መንገዱን ማስተካከሉ ደስ አሰኘኝ።

ፍርሃት ሁለት ስለት አለው

እዚህ ላይ ግን የነርስነቴ ነገር ዝም አያሰኘኝም። ተረቱ ጊቢውን ጠብቋል፤ ሰውንም ገድሏል።

በ1895 መጋቢት ወር፣ ቲፐሬሪ በሚባል አውራጃ፣ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል የ26 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች። ከቤት ወጥታ ብርድ መታትና ራሷን አመማት፤ አልጋ ላይ ወደቀች። ሐኪምም መጣ፣ ቄስም መጣ። ባሏ ግን «ይህች ሚስቴ አይደለችም፤ ሚስቴን ወደ ጊቢው ወስደው በምትኳ ይህችን ትተውልኛል» ብሎ አመነ። መራራ ቅጠል በወተት አፍልተው በግድ ጋቷት፤ በእሳት አስፈራሯት። በመጨረሻም ባሏ አቃጠላት። ከዚያም እውነተኛ ሚስቴ በነጭ ፈረስ ተቀምጣ ትወጣለች ብሎ አቅራቢያው ባለው ክብ ጊቢ ሌሊት ጠበቀ። ፍርድ ቤት ሰው በመግደል ፈረደበት። ልጆችም በዚሁ እምነት ተጎድተዋል። የታመመውን ወይም አካሉ ደካማ የሆነውን ሕፃን «ተለውጦ የተተወ ነው» ይሉት ነበር።

ይህን ለብቻቸው የፈረንጅ ነውር አድርጌ ላወራ አልችልም። ገና ዲፕሎማዬን ይዤ በወጣሁበት የገጠር ጤና ጣቢያ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ይዛ መጣች። ሦስት ቀን «ቡዳ በልቶት ነው» ተብሎ ሲታጠን ሰንብቷል። የያዘው የሳንባ ምች ነበር። ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ያቃትታል፤ መርፌውን ወግቼው ሳልጨርስ እጄ ላይ አረፈ። ያቺ እናት ልጇን አልጠላችም፤ የሰማችውን አምና ነው። የሰማችውም ከአያት ነው።

ስለዚህ እኛ አያቶች ምን እንደምናወራ እንጠንቀቅ። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ ከተኮሰ ወይም ከቀዘቀዘ፣ ነገሩ ዕጣንም ጸበልም የሚጠብቅ አይደለም። ጸሎቱን እያደረሳችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

በጨለማ የተቀበሩ ሕፃናት

አሮጊቷ ሌላም ነገር ነገሩኝ። ይህኛውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝግ አለ። ጨቅላዋን ታቅፈው ነበር።

«ክርስትና ተነሥታለች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ገና ናት። በእኛ ሥርዓት ሴት በሰማንያ ቀን፣ ወንድ በአርባ ቀን ነው» አልኳቸው።

ፈገግ አሉና እንዲህ አሉኝ። እናታቸው ከእሳቸው በፊት ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። አንድ ሌሊት አድሮ ሞተ። ያን ጊዜ ባገሩ ደንብ ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን መቃብር አይቀበርም። አባት ሬሳውን በትንሽ ሣጥን አድርጎ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ማንም ሳያየው ወስዶ ይቀብራል። እናት አትከተልም፤ አልቃሽ የለም፤ ስም አይጻፍም። ከራስጌው ከሜዳ የተነሣ ድንጋይ ይደረጋል፤ አበቃ። የሚቀብሩበትም ማንም የማያርሰውን፣ ማንም የማይቆፍረውን ቦታ መርጠው ነው። አንዱ እንዲህ ያለው ቦታ ክብ ጊቢው ነው። ይህ ልማድ እስከ ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ቆይቷል። ቦታዎቹ «ኪሊን» ይባላሉ፤ ዛሬ የሕፃናት መቃብር ተብለው በመንግሥት የቅርስ መዝገብ ላይ ይገኛሉ።

«ወንድሜ እዚያ ነው» አሉኝ በመስኮቱ ወደ ሜዳው እያመለከቱ። «እናቴ የት እንደሆነ በቃሏ ነገረችኝ። እኔም ለልጆቼ ነግሬያለሁ።»

ውድ አንባቢያን፣ እኔ መልስ አጣሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ።

ባደግሁበት ቤት ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር፣ አንዲት ትንሽ ቦታ ነበረች። እናቴ እዚያ ዘንድ ማንንም አታስቆፍርም ነበር። ዶሮ እንኳ ሲጭር ካየች ትነሣለች። «እዚያ አትቆፍሩ» ትላለች፤ ለምን ስንላት «አትቆፍሩ አልኳችሁ!» ብላ ትቆጣለች። እናቴ ካረፈች በኋላ ወንድሞቼና እኔ ቦታውን ሸጥን። ገዢው ቤቱን አፍርሶ፣ ጌሾውን ነቅሎ፣ መሠረት አውጥቶ መጋዘን ሠራበት። ምንም አልመሰለንም። በእናቴ ሙት ዓመት ግን አክስቴ ከጎኔ ተቀምጣ «ያ ሕፃን እንኳ ዕረፍት አጣ» አለችኝ። ለካ ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆየ። አርባ ቀን ሳይሞላው ስለሞተ በእኛ ቀዬ ልማድ ከጓሮ ተቀበረ።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያን መቃብር ጠብቃለች። የጠበቀችው ግን ለብቻዋ ነው። «አትቆፍሩ» የሚለውን አወረሰችን፤ ምክንያቱን ይዛው ሄደች። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ ስንት እናት ሳዋልድ፣ ስንቷ ልጅ የሞተባትን ሳጽናና፣ የገዛ እናቴን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አልጠየቅኋትም። እናም የልጅ ልጄ ትከሻውን ነቅንቆ «እንጃ፤ አይገባም ነው የሚሉት» ሲለኝ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።

ትራክተሩ ሲመጣ

በአየርላንድም ያለ ምክንያት የቀረው «አይነካም» ብዙ አልቆየም። ከ1950ዎቹ ወዲህ ትራክተርና ቡልዶዘር በየገጠሩ ገባ። በ1973 አገሪቱ ወደ አውሮፓ ማኅበር ስትገባ እርሻን ለማስፋት ገንዘብ መጣ። ወጣቱ ገበሬ ተረቱን አያምንም፤ እውነተኛው ታሪክ ደግሞ አልተነገረውም። አባቱ በዶማ ፈርቶት የኖረውን ጊቢ ልጁ በአንድ ከሰዓት ገፍቶ ደለደለው። በዚህ ዓይነት ብዙ ጊቢ ጠፋ።

ያን ጊዜ ሕጉ የአያቶችን ቦታ መያዝ ነበረበት። የቅርስ ሐውልቶች ሕግ ከ1930 ጀምሮ ነበራቸው። በ1994 በተሻሻለው ሕግ ደግሞ የታወቁት ቦታዎች ሁሉ በካርታና በመዝገብ እንዲሰፍሩ ሆነ። በመዝገቡ ላይ ያለ ጊቢ በግል መሬት ላይ ቢሆንም ባለቤቱ እንዳሻው ሊቆፍረው አይችልም። አንድ ሥራ ሊሠራበት ካሰበ ከሁለት ወር በፊት ለሚኒስትሩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ከብት ማሰማራት አልተከለከለም፤ ማረስ፣ መደልደል፣ አፈር መውሰድ ግን ያስጠይቃል። ያለ ፈቃድ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ቅርስ ማሰስም ወንጀል ነው። በ2012 በኬሪ አውራጃ አንድ ገበሬ መሬቱ ላይ የነበረውን ክብ ጊቢ በማፍረሱ ፍርድ ቤት 25 ሺህ ዩሮ ቀጥቶታል። በ2023 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጥቶ ደረጃ በደረጃ በሥራ ላይ እየዋለ ነው። በእንግሊዝ ሥር ያለው የሰሜኑ ክፍል የራሱ ሕግ አለው።

ሕጉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አሮጊቷ እንዳሉኝ «ፖሊስ በየሜዳው ሌሊት አይቆምም»። ቅርሱን በየቀኑ የሚጠብቀው ጎረቤቱ ያለ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ፍርሃት ያቆየዋል እንጂ አያስወድደውም፤ ፍርሃቱ ያለቀ ዕለት ነገሩም ያልቃል።

የተማሪዎቹ ደብተር

ከሁሉ በላይ ያስቀናኝን ልንገራችሁ። በ1937 የአየርላንድ የባህል ታሪክ ኮሚሽን ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ሆኖ አንድ ነገር አሰበ። ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በተለመደው የድርሰት ሰዓታቸው ምትክ ወላጆቻቸውን፣ አያቶቻቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ተደረገ። የሚጠየቀውም በየርዕሱ ተከፋፍሎ ተሰጣቸው፤ መድኃኒቱ፣ ጨዋታው፣ የጥንት ሙያው፣ በአካባቢው ያሉ ጊቢዎችም ጭምር። እስከ 1939 ድረስ ከ5 ሺህ ያህል ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበው ከ700 ሺህ ገጽ በላይ ሆነ። የኮሚሽኑ ስብስብ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ዛሬ ማንም ሰው በኢንተርኔት ገብቶ አያቱ በልጅነታቸው በእጃቸው የጻፉትን ማንበብ ይችላል።

አስቡት እንግዲህ። ያን ያህል ገጽ የሞላው በልጆች እጅ ነው። ልጆቹ ጠየቁ፤ አያቶች ተናገሩ። አንድ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ስንቱ ሽማግሌ አፉን ዘግቶ ይሄድ ነበር!

እኔ ልጄ ቤት ሳለሁ ይህንኑ ሞከርኩ። ለልጅ ልጄ አንድ ደብተር ገዛሁለትና ወደ አሮጊቷ ይዤው ሄድኩ። አስፈቅደን፣ እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ከፊት እየመሩ፣ ሦስታችንም ወደ ጊቢው ገባን። ቦዩ ዛሬ በሣር ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ከእኔ ወገብ አይበልጥም። መግቢያው በምሥራቅ በኩል ነው። እሳቸውም ላም እዚህ ትገባ ነበር፣ ቤቱ እዚህ ነበር፣ እሳት እዚህ ይነድ ነበር እያሉ አሳዩት። አንድ ጥግ ላይ ስንደርስ ትንንሽ ድንጋዮች አየን። «እዚህ ሕፃናት ተኝተዋል። አንዱ የእኔ ወንድም ነው። ለዚህ ነው የማይቆፈረው» አሉት። ልጁ ድንጋዮቹን አልረገጠም። ማንም አላስፈራራውም፤ ስለገባው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን ይዞ «እማማ፣ አንቺስ ወንድም ነበረሽ?» አለኝ። ነገርኩት። የጌሾውን፣ የመጋዘኑን፣ ስም ሳይወጣለት የቀረውን። ልጄም ከማድ ቤት ሆና ትሰማ ነበር፤ «እማዬ፣ ይህን እኔስ መቼ ነገርሽኝ?» ብላ እንባዋን ጠረገች። እውነቷን ነው። እኔም እንደ እናቴ ልይዘው ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት የምመክራችሁ ውድ መድኃኒት የለም፤ አንድ ደብተር ነው። እናንተ አያቶች፣ በቤታችሁ ወይም በቀዬአችሁ «አይነካም፣ አይቆረጥም፣ አይቆፈርም» የምትሉት ነገር ካለ ምክንያቱንም ተናገሩ። የምታውቁት እውነት ከሆነ እውነት ነው በሉ፤ ተረት ከሆነ ተረት ነው በሉ። ተረት መናገር ነውር የለበትም፤ ተረቱን ይዞ የታመመ ልጅ ማስቀመጥ ነው ነውሩ። እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጆቻችሁን ከስልኩ ለአንድ ሰዓት አንሡና ወደ አያት ላኳቸው። አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፣ መልሱን በራሳቸው እጅ ይጻፉ። የፊደል ግድፈቱን አታርሙባቸው፤ ይቆይላቸው።

ልጅ የሞተባት እናት በቤታችሁ ካለች ደግሞ፣ ጊዜው ቢርቅም፣ ዝም አታሰኟት። «አትንኩ» ብቻ ስታወሩ ከኖራችሁ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት። ብዙ እናቶች የሚጠይቃቸው አጥተው ነው እንጂ ሊናገሩ አልጠሉም።

ጨቅላችን ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ተነሣች፤ እኔም ወደ አገሬ ተመለስኩ። ስለያይ የልጅ ልጄ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ አሳየኝ። አማርኛው ገና ሙሉ አይደለም፤ ፊደሎቹም አንዳንዶቹ ዞረዋል። እንዲህ ይላል፦ «የእማማ ወንድም ዘጠኝ ቀን ኖረ። ቦታው ጌሾ ነበረበት። አሁን መጋዘን ነው። እኔ አውቃለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ብዙዎቻችሁ ወደ ጠየቃችሁኝ የአረጋውያን እንቅልፍ ማጣት እንመለሳለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ፤ ሰው ይበለን።